ሳይንስ ፊክሽን የምንለው የቱን ነው?

አንድ ጓደኛዬ የአማርኛ መጻሕፍትን በድምፅ የሚያቀርብ አፕ እየሠራ ነው። ገና ስላልወጣ ስሙን እዚህ አልጠቅስም። የዳታቤዙን ንድፍ እንዳይለት ልኮልኝ ነበር፤ ደራሲ፣ ተራኪ፣ የምዕራፍ ርዝመት፣ ዋጋ፣ ሁሉም በሥርዓቱ ተቀምጧል። ያላግባባን «ዘውግ» የሚለው ዓምድ ነው። ታሪካዊ አለ፣ የፍቅር አለ፣ ወንጀል ነክ አለ፣ ግለ ታሪክ አለ። «ሳይንሳዊ ልብ ወለድ» የሚልም አለ፤ ከሥሩ ግን ባዶ ነው።

«ይሄንን ላጠፋው ነው፤ በአማርኛ ሳይንስ ፊክሽን የለም» አለኝ።

«ዴርቶጋዳን የት አደረግከው?»

«ስለላ ውስጥ።»

እኔ ምድቡ ባዶ የሆነው መጽሐፍ ጠፍቶ ሳይሆን ማጣሪያው ከሌላ አገር እንዳለ ተቀድቶ ስለመጣ ነው ባይ ነኝ። ማጣሪያውን የጻፈው ማን እንደሆነና ምን እያጣራ እንደሆነ ሳናይ ምድቡን መሰረዝ፣ ኢንፑቱን ሳያዩ ፕሮግራሙ ውጤት አልሰጠም ብሎ እንደመዝጋት ነው።

ከስሙ እንጀምር። ስሙን ያስፋፋው ሁጎ ገርንስባክ ከሉክሰምበርግ ወደ አሜሪካ የተሰደደ ሰው ነው። የሬዲዮ ዕቃ ይሸጥ ነበር፣ የኤሌክትሪክ መጽሔቶች ያሳትም ነበር፣ በስሙም ብዙ ፓተንት አስመዝግቧል። እ.ኤ.አ. በኤፕሪል 1926 «አሜዚንግ ስቶሪስ» የተባለውን መጽሔት ሲጀምር ያወጣው መስፈርት አጭር ነበር፤ ጥሩ ታሪክ፣ በውስጡ እውነተኛ ሳይንስ፣ ከዚያ ላይ ስለ መጪው ዘመን ትንቢት። እዚህ ላይ የእኛ «ልብ ወለድ» የሚለው ቃል ከመጽሔቱ በ18 ዓመት እንደሚበልጥ ልብ በሉ። አፈወርቅ ገብረ ኢየሱስ «ልብ ወለድ ታሪክ» ብለው የሰየሙትን መጽሐፍ ሮም ላይ ያሳተሙት በ1900 ዓ.ም. ነው።

ዕቃ የሚሸጥ ሰው ድርሰትን በዕቃው መተርጎሙ አይገርምም። የምሠራው አሌክሳንድሪያ ውስጥ ነው፤ የአሜሪካ የፓተንት መሥሪያ ቤት ዋና ጽሕፈት ቤትም እዚያው ከተማ ነው። በሕንፃዎቹ አጠገብ ባለፍኩ ቁጥር የገርንስባክ ትርጉም የፓተንት መሥሪያ ቤት ትርጉም መሆኑ ይታየኛል። ማሽኑን ማን ፈለሰፈው? በማን ስም ተመዘገበ? ታሪኩ የፈልሳፊው ታሪክ ይሆናል። ማሽኑ የሚያርፍበት ሰው ግን በማመልከቻው ቅጽ ላይ ቦታ የለውም።

ከዚያ በኋላ የመጡት ተመራማሪዎች ትርጉሙን አጥብቀውታል። ከዩጎዝላቪያ ወደ ካናዳ የሄዱት ዳርኮ ሱቪን እ.ኤ.አ. በ1979 ባሳተሙት መጽሐፍ ማሽኑን ትተው ሌላ ነገር ያዙ። በሳቸው አባባል ሳይንስ ፊክሽን ውስጥ በእኛ ዓለም የሌለ አንድ «አዲስ ነገር» ይገባል። ያ ነገር የምናውቀውን ዓለም እንግዳ ያደርግብናል፤ ሆኖም በአእምሯችን ልንከተለው እንችላለን፣ ምትሃት አይደለም። ኮድ ለሚጽፍ ሰው ይሄ በደንብ ይገባል። አንድ ተለዋዋጭ ቀይራችሁ ፕሮግራሙን እስከ መጨረሻው ታስኬዳላችሁ፤ መሃል ላይ ገብታችሁ ውጤቱን በእጅ አታስተካክሉም። ከሰማኋቸው ትርጉሞች ሁሉ የምወደው ይሄን ነው። ችግሩ «በአእምሮ ልንከተለው» ሲባል የማን አእምሮ እንደሆነ አለመባሉ ነው።

ሦስተኛው የዴመን ናይት አባባል ነው፤ ሳይንስ ፊክሽን ማለት ስሙን ስንጠራ በጣታችን የምንጠቁመው ነገር ነው። ቀልድ ይመስላል፣ ግን የመጻሕፍት ንግድ በትክክል የሚሠራው እንደዚህ ነው። አሜሪካ ውስጥ አሳታሚዎች «ባይሳክ» በሚባል የኮድ ዝርዝር ይጠቀማሉ። ሳይንስ ፊክሽን የራሱ ቁጥር አለው፣ ከሥሩ ደግሞ የጊዜ ጉዞ፣ የባዕዳን ፍጡራን፣ ከዓለም ፍጻሜ በኋላ እያለ ይቀጥላል። ጣቱ ቁጥር ሆኗል ማለት ነው። ጓደኛዬ የዘውግ ዝርዝሩን ከዚያ ነው የወሰደው። ሁላችንም እንደዚያ ነው የምናደርገው፤ ዝግጁ ዝርዝር እያለ ከባዶ የሚጽፍ የለም።

ጣቱ የማን ነው የሚለውን ጥያቄ ያነሱት የድኅረ ቅኝ ግዛት ተመራማሪዎች ናቸው። ጆን ሪደር እ.ኤ.አ. በ2008 ባወጡት መጽሐፍ ዘውጉ የተወለደው አውሮፓ ዓለምን በምትቀራመትበት ዘመን መሆኑ አጋጣሚ አይደለም ይላሉ። ያልታወቀ ምድር፣ «ኋላ ቀር» ነዋሪ፣ የበላይ መሣሪያ የያዘ እንግዳ፤ ይሄ የጠፈር ታሪክ አጥንት ከመሆኑ በፊት የቅኝ ገዢ ማስታወሻ አጥንት ነበር።

«እኛ ቅኝ አልተገዛንም፣ ይሄ እኛን አይመለከተንም» የሚል አንባቢ እንደሚኖር አውቃለሁ። እኔ እንዲያውም ከማንም በላይ ይመለከተናል እላለሁ።

ኤች ጂ ዌልስ የማርስ ሰዎች እንግሊዝን ሲወሩ የሚተርከውን «ዘ ዋር ኦቭ ዘ ዎርልድስ» በመጽሔት በተከታታይ ማውጣት የጀመረው እ.ኤ.አ. በ1897 ነው፤ የአድዋ ድል ከሆነ አንድ ዓመት አልፎት ነበር። በመጀመሪያው ምዕራፍ ላይ ማርሳውያንን ከመውቀሳችሁ በፊት እኛ አውሮፓውያን በታስማኒያ ሕዝብ ላይ ያደረግነውን አስቡ ይላል። የታሪኩ ዘዴ ያ ነው፤ እኛ በሌሎች ላይ የምናደርገው በእኛ ላይ ቢደረግስ? ለለንደን አንባቢ አዲሱ ነገር ማርስ ሳትሆን በመሣሪያ ተበልጦ በታች መገኘት ነበር።

ማርሳውያን ሁለት መሣሪያ አላቸው። አንዱ የሚያቃጥል ጨረር ነው። ሁለተኛው ጥቁር ጭስ ነው፤ መሬት መሬቱን እየተሳበ ሸለቆ የሚሞላና የነካውን ሁሉ የሚገድል።

በታኅሣሥ 1928 ዓ.ም. የጣሊያን አውሮፕላኖች ተከዜ አካባቢ የመርዝ ጋዝ መጣል ጀመሩ። ዐፄ ኃይለ ሥላሴ እ.ኤ.አ. ሰኔ 30 ቀን 1936 ጄኔቭ ላይ ለመንግሥታቱ ማኅበር ሲናገሩ ነገሩ እንዴት እንደተሻሻለ ደረጃ በደረጃ አስረድተዋል። መጀመሪያ በቦምብና በበርሜል ነበር፤ ያ በቂ ጉዳት ስላላደረሰ በአውሮፕላኖቹ ላይ መርጫ ተገጠመ። 9፣ 15፣ 18 እየሆኑ ተከታትለው ሲያልፉ ጭጋጉ ሳይቋረጥ ሰውን፣ ከብቱን፣ ወንዙን፣ ግጦሹን ይሸፍናል። ንግግሩን እንደ መሐንዲስ ያነበበ ሰው የሚያየው ሙከራ፣ የተገኘ ጉድለት፣ ማሻሻያ፣ እንደገና ሙከራ ነው። የሶፍትዌር ልቀት የምናወጣበት ዑደት ነው፣ በሰው ቆዳ ላይ።

ዌልስ ያንን ጭስ ሲጽፍ ለለንደን አንባቢ ቅዠት ነበር፤ ከ38 ዓመት በኋላ ለተከዜ ገበሬ የረቡዕ ጠዋት ሆነ። ታዲያ ያ ገበሬ ያየውን ቢጽፍ መጽሐፉ በየትኛው ኮድ ይመዘገባል? «ታሪክ» ውስጥ፣ ትክክል ነው። ነገር ግን አንድ ዓይነት ነገር ለአንዱ ምናብ፣ ለሌላው ትዝታ ከሆነ፣ በምናብና በትዝታ መካከል ያለው መስመር የተሰመረው በሳይንስ ሳይሆን በመልክአ ምድር ነው። መጪው ዘመን ሁሉም ቦታ እኩል አይደርስም። እኛ ዘንድ ደርሶ ያውቃል፣ ሌሎች ገና ሲያልሙት።

ቋንቋችንም ይህን መዝግቧል። «ባቡር» ከእንፋሎት ስም የመጣ የውጭ ቃል ነው፤ ሐዲዱ ላይ ብቻ አልቀረም፣ የእህል ወፍጮውም ባቡር ተባለ፣ አውሮፕላኑም «የአየር ባቡር» ተባለ። ማሽኑን ያልፈለሰፈ ሰው ማሽኑን በስም እያረባ ሲገራው ማለት ነው። ፓተንት መሥሪያ ቤት እንዲህ ያለውን ሥራ አይመዘግብም።

ይህን ካልን በኋላ ወደ መጻሕፍቱ እንምጣ። ኢትዮጵያ በሌሎች ሰዎች ሳይንስ ፊክሽን ውስጥ ቀድማ ገብታለች። ጥቁር አሜሪካዊቷ ፖሊን ሆፕኪንስ እ.ኤ.አ. በ1902 እና 1903 በመጽሔት ባወጣችው «ኦቭ ዋን ብለድ» አንድ የሕክምና ተማሪ ወደ ኢትዮጵያ ይጓዝና የጥንት ዕውቀት የታሸገባት ስውር ከተማ ያገኛል። ገርንስባክ መጽሔቱን ሊጀምር ገና ከ20 ዓመት በላይ ይቀረዋል። ጆርጅ ስካይለር ደግሞ እ.ኤ.አ. ከ1936 እስከ 1938 በ«ፒትስበርግ ኩሪየር» ጋዜጣ ላይ፣ ጥቁር ሳይንቲስቶች በድብቅ ተደራጅተው በራሳቸው መሣሪያ አፍሪካን ነፃ ሲያወጡ የሚተርክ ተከታታይ ጻፈ፤ ወዲያው አስከትሎም በጣሊያን ወረራ ላይ ስለሚነሳ አመፅ ሌላ ልብ ወለድ አወጣ። ማርክ ዴሪ «አፍሮፊውቸሪዝም» የሚለውን ቃል የፈጠረው እ.ኤ.አ. በ1990ዎቹ መጀመሪያ ነው። ነገሩ ግን ቃሉን አልጠበቀም።

የይስማዕከ ወርቁ «ዴርቶጋዳ» በ2001 ዓ.ም. ወጥቶ እንዴት እንደተነበበ ላስታውሳችሁ አይገባኝም፤ በታክሲ፣ በካፌ፣ በዩኒቨርሲቲ መኝታ ክፍል ያልነበረበት ቦታ የለም። አሜሪካ ውስጥ ያሉ ኢትዮጵያውያን ሳይንቲስቶች አሉበት፣ ናሳ አለበት፣ የስለላ ድርጅቶች አሉበት፣ የጣና ገዳም አለበት። እና ጓደኛዬ «ስለላ» አለው። በገርንስባክ ማጣሪያ ቢያልፍም ባያልፍም እኔ ሳይንሳዊ ልብ ወለድ ውስጥ አስገባዋለሁ። ምክንያቴ ግን ሰዎች የሚጠቅሱት አይደለም። በገዳም የተሰወረ ጥበብ የሚለው ሐሳብ ከሆፕኪንስ ስውር ከተማ ብዙም አይርቅም፤ ያስደስታል፣ ያኮራል፣ እንደ ሞተር ግን ደካማ ነው። የተደበቀ ዕውቀት ማንም ስህተቱን አያርምለትም። ኮዱን ማንም ያላየው ፕሮግራም ጥሩ ነው ብላችሁ ታምናላችሁ? እኔ አላምንም።

የመጽሐፉ እውነተኛ «አዲስ ነገር» ሌላ ነው፦ የሄዱት ሳይንቲስቶች ቢመለሱስ? አዲስ አበባ ሆኖ ለሚያነብ ናሳ የምኞት ስም ነው። እኔ ለምኖርበት ለሲልቨር ስፕሪንግ ግን የናሳ ጎዳርድ ማዕከል ግሪንቤልት ላይ፣ በመኪና ጥቂት ደቂቃ ርቀት፣ አጥር ያለው የሥራ ቦታ ነው፤ መኪና ማቆሚያ አለው፣ ባጅ ይጠየቃል። ሮኬት እዚህ ማንንም አያስደንቅም። ከዚህ ተነስቶ ቤቱን ሸጦ፣ ልጆቹን ከትምህርት ቤት አስወጥቶ ቦሌ የሚወርድ መሐንዲስ ግን ያስደንቃል። ያ ነው የተቀየረው ተለዋዋጭ። ይስማዕከ ውጤቱን እስከ መጨረሻው በታማኝነት አስኬዶታል ወይ ብላችሁ ብትጠይቁኝ፣ ሁልጊዜ አይደለም እላለሁ፤ ሽጉጡና ማሳደዱ ቶሎ ቶሎ ይገባል። ቢሆንም ጥያቄው የዘውጉ ጥያቄ ነው።

ከዚህ የሚከብደኝ እዚሁ አካባቢያችን ያሉት ሁለት ሥራዎች ናቸው። ኦክታቪያ በትለር እ.ኤ.አ. በ1979 ባሳተመችው «ኪንድረድ» አንዲት ጥቁር ሴት ከ1976 ሎስ አንጀለስ እየተነጠቀች ወደ ባርነት ዘመን ሜሪላንድ ትወሰዳለች። እኛ የምንኖርባት ሜሪላንድ ማለት ነው፣ የባሕረ ሰላጤው ማዶ ያለው ክፍል። በሌላ በኩል ከጎንደር የመጡትና ለረጅም ዓመታት በሃዋርድ ዩኒቨርሲቲ ያስተማሩት ኃይሌ ገሪማ፣ እ.ኤ.አ. በ1993 በሠሩት «ሳንኮፋ» ፊልም አንዲት ሞዴል ጋና ውስጥ ባለ የባሪያ ምሽግ ፎቶ ስትነሳ ቆይታ ወደ እርሻ ባርነት ዘመን ትወሰዳለች። የፊልሙን ስም የያዘው የመጻሕፍት መደብራቸው ከዩኒቨርሲቲው ፊት ለፊት ጆርጂያ አቬኑ ላይ ነው፤ ያው መንገድ ወደ ሰሜን ሲቀጥል ሲልቨር ስፕሪንግን አቋርጦ ያልፋል።

በሁለቱም ማሽን የለም። በትለር ራሷ «ኪንድረድ» ውስጥ ሳይንስ ስለሌለ ሳይንስ ፊክሽን አይደለም ትል ነበር፤ መደብሮች ግን በግድ ከዚያው መደርደሪያ ላይ ያስቀምጡታል። በእኔ ሚዛን መደርደሪያው ከደራሲዋ ይልቅ ትክክል ነው። ጉዞው ጥብቅ ሕግ አለውና፤ ሴትየዋ የምትጠራው አንድ የተወሰነ ቅድመ አያቷ ሕይወቱ አደጋ ላይ ሲወድቅ ነው፣ የምትመለሰው የራሷ ሕይወት አደጋ ላይ ነው ብላ ስትሰጋ ነው። ሁለት ሁኔታ፣ ሁለት ውጤት፤ ታሪኩ ሕጉን አንዴም አይጥስም። «ሳንኮፋ» ላይ ደግሞ ጉዞው የመናፍስት ጥሪ ነው፤ ሕግ አይጠየቅበትም፣ ሊጠየቅበትም አልተሠራም። ስለዚህ ፊልሙን ከ«ኪንድረድ» አብልጬ ብወደውም ሳይንስ ፊክሽን አልለውም። ምድብ ማዕረግ አይደለም።

«ክራምስ»ስ? እ.ኤ.አ. በ2015 የወጣው ይህ ፊልም በአማርኛ ነው፣ የተቀረጸው ኢትዮጵያ ውስጥ ነው፣ መሪ ተዋናዮቹ ዳንኤል ታደሰና ሰላም ተስፋዬ ናቸው። ከትልቅ ጥፋት በኋላ ባለ ዓለም ውስጥ የ20ኛው ክፍለ ዘመን የፕላስቲክ ውዳቂ ውድ ቅርስ ሆኗል፣ ማይክል ጆርዳን ይመለካል፣ ሰማይ ላይ የዛገ መርከብ ተንጠልጥሏል። ሕጉ ግልጽ ነው፤ ዕቃው ቀረ፣ ትርጉሙ ጠፋ። መርካቶ ምናለሽ ተራን ያየ ሰው ይህን ለመረዳት ማስታወሻ አያስፈልገውም። ዳይሬክተሩ ሚጌል ያንሶ ግን ስፔናዊ ነው። ናይጄሪያዊት አሜሪካዊቷ ኔዲ ኦኮራፎር እ.ኤ.አ. በ2019 «አፍሪካንፊውቸሪዝም» የሚለውን ስትተረጉም፣ መሠረቱ በአፍሪካ ባህልና ዕይታ ላይ የሆነ፣ በዋነኛነትም በአፍሪካ ልጆች የሚጻፍ ብላለች። በዚያ መስፈርት «ክራምስ» ደጅ ይቀራል። ምክንያቷ ይገባኛል፤ ስለ እኛ ሌሎች ሲያልሙ መቶ ዓመት ሆኗል። ለአፑ ግን የፓስፖርት ፍተሻ አላደርግም። ቋንቋው የእኛ ነው፣ ጥያቄውም።

እዚህ ላይ ከአንዳንድ የድኅረ ቅኝ ግዛት ጸሐፊዎች የምለይበት ነጥብ አለ። ገድሉንም፣ ትንቢቱንም፣ ተረቱንም ሳይንስ ፊክሽን ውስጥ እናስገባ የሚሉ አሉ። በቅርቡ አንድ አዛውንት ሲልቨር ስፕሪንግ ቡና ቤት ውስጥ ስልኬ በአማርኛ ሲመልስልኝ ሰምተው «ልጄ፣ ስምንተኛው ሺ የተባለው ይሄ ነው» አሉኝ። «ጋሼ፣ ኧረ ገና አማርኛው ራሱ ይኮላተፋል» ብያቸው ተሳሳቅን። ቆጠራውን ብታዩት በዓመተ ዓለም 7500ዎቹ ውስጥ ነን፤ ስምንተኛው ሺ ከገባ 500 ዓመት አልፎታል። (ለዲቨሎፐሮች፦ ሲኤልዲአር ለዓመተ ምሕረት አንድ፣ ለዓመተ ዓለም ሌላ የቀን መቁጠሪያ መለያ አለው። ዓመቱን 7500 ምናምን ብሎ የሚያሳይ ስልክ ለመሥራት አንድ መስመር ይበቃችኋል።) ካሣ ኃይሉ በ1847 ዓ.ም. ሲነግሡ ቴዎድሮስ የሚለውን ስም የመረጡት «ፍካሬ ኢየሱስ» በዚያ ስም የሚነግሥ ጻድቅ ንጉሥ ይመጣል ስለሚል ነው። ስለ መጪው ዘመን የተጻፈ ነገር ይህን ያህል ሥራ ሲሠራ በየትኛውም መጽሔት አላየሁም። ሆኖም ልብ ወለድ አይደለም። የሚያምንበት ሰው «ቢሆንስ?» ብሎ አይደለም የሚያነበው፣ ይሆናል ብሎ ነው። እሱን ሳይንስ ፊክሽን ማለት ለእምነቱም ለድርሰቱም ክብር አይሆንም።

ስለዚህ ለጓደኛዬ የጻፍኩለት መመሪያ ሁለት ጥያቄ ብቻ ነው ያለው። በታሪኩ ውስጥ አንድ የዓለም ሕግ ተቀይሯል? ደራሲው የተቀየረውን ሕግ ሳያጭበረብር ተከትሎታል? ማሽን፣ ጠፈር፣ ላብራቶሪ የሚሉ ቃላት የሉበትም። ዓምዱንም አንድ መጽሐፍ ብዙ ዘውግ እንዲይዝ አድርገነዋል፤ «ዴርቶጋዳ» ስለላም ሳይንሳዊ ልብ ወለድም ይሁን፣ ዳታቤዙ አይከፋውም።

መሙላቱ ግን የኮድ ሥራ አይደለም፣ የጸሐፊ ሥራ ነው። ለመጻፍ የምታስቡ ወጣቶች ካላችሁ ሮኬት አትፈልጉ። ለምሳሌ ይህን አንድ ሕግ ቀይራችሁ አስኬዱት፦ ነገ ጠዋት የዓለም ሰርቨሮች በሙሉ ቀናቸውን በኢትዮጵያ አቆጣጠር መቁጠር ይጀምራሉ፤ ቀድሞ የተመዘገቡት ቀኖች ግን በነበሩበት ቁጥር ይቀራሉ። ከደለስ በ11 ሰዓት የሚነሳው አውሮፕላን የጠዋት ነው የማታ? አሠሪዎች ለጳጉሜ ደመወዝ ይከፍላሉ ወይስ እንደ እኛ አገር ዝም ይላሉ? ባሕረ ሐሳብ የሚያውቁ መሪጌታ ካሊፎርኒያ በስንት ብር ይቀጠራሉ? የባንክ ዕዳ የሚከፈልበት ቀን፣ የእስር ፍርድ የሚያልቅበት ቀን፣ ሁሉም በ7 ወይም በ8 ዓመት ይርቃል። ዋና ገጸ ባሕርይ አድርጌ የምመርጠው አሌክሳንድሪያ ውስጥ ሌሊት ታክሲ የሚነዳ ሰው ነው፤ ቪዛው ባለፈው ሳምንት ተቃጥሏል፣ ዛሬ ጠዋት ኮምፒውተሩ ገና 7 ዓመት ይቀርሃል ይለዋል፣ እሱ ደግሞ ስህተቱ ተገኝቶ እስኪታረም ስንት ቀን እንዳለው ያሰላል።